ዘንዶውን የሚቀልበው ማን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ንግግር ስለ አፈር ጠባይ፣ ስለ ድልድይ መሠረት ወይም ስለ ግንባታ ውል ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ዘንዶ ነው። ይህን ስል ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የመጽሔታችን አዘጋጆች «መሐንዲስ ከሥራው ውጭ የሚያነበው መጽሐፍ ለሥራው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ አቅርበውልኝ መልሱን ሳወጣና ሳወርድ፣ ከሁሉ ይልቅ በሐሳቤ ጎልቶ የታየኝ በቡሬ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ያነበብነውና ብዙ የተከራከርንበት አንድ ረጅም ልብ ወለድ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ክንፍ ያላቸው፣ እሳት የሚተፉ ዘንዶዎች አሉ።

ለማስረዳት የምሞክረው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ዘንዶ ያለበት ታሪክ፣ የእኛም ይሁን የባዕድ፣ በውስጡ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዟል። ጥያቄውም «ይህን ታላቅ ኃይል በየቀኑ የሚቀልበው ማን ነው?» የሚል ነው። እኛም መንገድ፣ ግድብና የኤሌክትሪክ መሥመር የምንዘረጋ፣ ማለትም ኃይልን ወደ ሰው መንደር የምናስገባ ባለሙያዎች ስለሆንን ጥያቄው በቀጥታ ይመለከተናል።

ቡሬ ስል ብዙዎቻችሁ የጎጃሙን ቡሬ ታስቡ ይሆናል። እኔ የምናገረው ግን ስለ ኢሉባቦሩ ቡሬ ነው። ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ለቅቆ ወደ ባሮ ቆላ ከመውረዱ በፊት የሚገኘው ከተማ ማለቴ ነው። ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር እምብዛም አትበልጥም። እንግዲህ ቡሬ የታላቅ ቁልቁለት ደጃፍ ናት ለማለት ይቻላል። አገሩ የጫካ ቡናና የማር አገር ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ማታ ማታ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው ሥራ የሚያመሽበት ሰው ከመተኛት ወይም ከመጨዋወት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። የእኛ የንባብ ክበብ የተወለደውም ከዚህ ዝናብ ነው።

ክበባችን ስድስት ሰዎች ነበሩት። እኔ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ምክንያት በዚያ ለሁለት ዓመት ያህል ተቀምጬ ነበር። ከሥራው ቦታ አንድ ቀያሽና አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከከተማው ደግሞ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር፣ እንዲሁም በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ የቡና ነጋዴ ነበሩ። መጽሐፉን ያመጣው መምህሩ ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን «የበረዶና የእሳት መዝሙር» በሚል የወል ስም ያሳተመው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አምስተኛው ቅጽ ደግሞ በ2011 ወጥቷል። አብዛኛው ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ከ2011 እስከ 2019 በቴሌቪዥን ከታየው ተከታታይ ድርሰት ነው። ቅጾቹ እያንዳንዳቸው እንደ ጡብ የወፈሩ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አሠራራቸው ነው። በአብዛኛው የምዕራፉ ርእስ የአንድ ሰው ስም ነው፤ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንባቢው የሚያየው ያ ሰው ያየውን፣ የሚያውቀውም ያ ሰው ያወቀውን ብቻ ነው። እውነቱን በሙሉ የያዘ አንድም ሰው የለም።

ይህ አሠራር ለችግራችን መፍትሔ ሆነልን። የነበረን ከየቅጹ አንዳንድ ብቻ ሲሆን አንባቢዎቹ አምስት ነን። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱን በዕጣ ተከፋፈልናቸው። በግድግዳው ላይ የሚያገለግለው ወጣት ጆን ስኖው ለቀያሹ፣ አንደበተ ርቱዑ ድንክ ቲሪየን ለመምህሩ፣ ከኮንትሮባንድ ነጋዴነት ተነሥቶ ለሹመት የበቃው ዳቮስ ለእኔ ደረሰ። የእንስሳት ሐኪሙ የዘንዶዎቹ ባለቤት የሆነችውን ንግሥት ዴነሪስን ለማግኘት «እንስሳ እስከሆኑ ድረስ የሚገቡት ለኔ ነው» ብሎ ቢሟገትም ዕጣው ለሒሳብ ሠራተኛዋ ወጣ፤ እሱ ሌሎቹን ወሰደ። ጋሼ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ የሁላችንንም ትረካ የሚሰሙ ዳኛ ሆኑ። እያንዳንዳችን የራሳችንን ሰው ምዕራፎች እያነበብን ማታ በቡና ላይ እንተርካለን። በአቦሉ ይተረካል፤ በቶናው ጥያቄ ይቀርባል፤ በበረካው ክርክሩ ይደራል። ትረካው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ማለቁም የተለመደ ነበር።

ልብ ወለድን በኅብረት መስማት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ስንት ቤተሰብ በአንድ ራዲዮ ዙሪያ እንደ ተሰበሰበ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። እኛም በቡሬ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ተራኪዎቹ ብዙ መሆናቸውና እያንዳንዱ ተራኪ ለራሱ ሰው ጠበቃ ሆኖ መቆሙ ነው።

መሐንዲስ ባለበት ጉባኤ ስሌት አይቀርምና የመጀመሪያው ክርክራችን ስለ ግድግዳው ነበር። በታሪኩ ውስጥ በሰሜን በኩል ከበረዶ የተሠራ፣ 700 ጫማ ወይም 213 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ርዝመቱም 480 ኪሎ ሜትር የሚያህል ግድግዳ አለ። ቀያሹ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ 917 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን ወስዶ፣ ከግድግዳው ሥር የሚያርፈው ጫና በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ19 ኪሎ ግራም በላይ መሆኑን በደብተሩ ላይ አሰላ። በረዶ ይህን ጫና ለአጭር ጊዜ ሊሸከም ይችላል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲጫኑት እንደ ሊጥ ቀስ በቀስ የሚፈስ ነገር ነው፤ የተራራ በረዶ ወደ ሸለቆ የሚንሸራተተውም ስለዚህ ነው። «እንግዲህ ይህ ግድግዳ በሺሕ ዓመት ውስጥ ተንዶ ኮረብታ ይሆናል» አለ። መምህሩም «ግድግዳውን ያቆመው አስማት እንደ ሆነ ደራሲው ነግሮናል፤ አንተ ስለ በረዶ ስታሰላ እሱ ስለ ቃል ኪዳን ይጽፋል» ሲል መለሰለት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ የመጣው ክርክር ነው።

ክርክሩን ያስነሣው «ዘንዶ» የሚለው ቃል ራሱ ነበር። በእኛ አገር ዘንዶ ክንፍ የለውም፤ በደረቱ የሚሳብ፣ በዱር የሚኖር ታላቅ እባብ ነው፤ በኦሮምኛም ጃዌ ይሉታል። የልብ ወለዱን አውሬ በዚህ ስም መጥራታችን ተገቢ ነውን? ብለን ጠየቅን። መምህሩ በራእየ ዮሐንስ ውስጥ ሰባት ራሶችና አሥር ቀንዶች ያሉት ዘንዶ መኖሩን አስታወሰን። ጋሼ ግን «መልኩን ተዉትና ግብሩን ተመልከቱ፤ ዘንዶ ማለት የሚያስገብር ማለት ነው» አሉ። በዚህም ነገሩን ወደ ጥንቱ ትረካችን መለሱት።

እንደሚታወቀው በአገራችን ትውፊት መሠረት ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት ኢትዮጵያን የገዛው አርዌ የሚባል ዘንዶ ነው። አንዳንድ የነገሥታት ዝርዝሮች 400 ዓመት እንደ ነገሠ ይጽፋሉ። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ እየገበረ ኖረ። በመጨረሻ አንጋቦ የተባለ ሰው ንግሥናውን እንዲሰጡት ከሕዝቡ ጋር ተዋውሎ፣ መርዝ ያበላውን ፍየል ለዘንዶው በማቅረብ ገደለው። በአዲስ አበባ ሠዓልያን በ44 ክፍል እየከፋፈሉ የሚሥሉት የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፤ አንጋቦ የገባው በጦር ሳይሆን በቀለብ በር ነው። ዘንዶው ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያቀርብለትና መቼ እንደሚቀርብለት አጥንቶ ነው ድል የነሣው።

በሌላው ትረካ ደግሞ ነገሩ ከዚህ የረቀቀ ነው። ጀርመናዊው ምሁር ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የአክሱም አካባቢ ትረካ ውስጥ እትዬ አዜብ የምትባል ልጃገረድ ለዘንዶው ግብር ሆና በዛፍ ላይ ታስራ ሳለ፣ ቅዱሳን ደርሰው ዘንዶውን ይገድሉታል። ሆኖም ከደሙ ጠብታ በእግሯ ላይ ይወድቅና ተረከዟ የአህያ ሰኮና ይሆናል። ዘንዶው ሞቷል፤ አገሩም ድኗል፤ ነገር ግን የመዳኑን ዋጋ በአካሏ ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት ቀርታለች። የጥንት ተራኪዎቻችን ሒሳቡን በድሉ ቀን አልዘጉትም። እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው «ሆቢት» ውስጥም ስማውግ የተባለው ዘንዶ በቀስት ተመትቶ ሲወድቅ የሚወድቀው በሐይቁ ላይ በተሠራችው ከተማ ላይ ነው፤ ከተማይቱም አብራው ትጠፋለች። ኃይልን ማስነሣት ብቻ ሳይሆን ማፍረስም ዋጋ አለው ማለት ነው። የግድብ ባለሙያዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ምዕራፍ እንለፍ። በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ ዴነሪስ በዘንዶዋ ኃይል የባሪያ ነጋዴዎችን ከተማ ድል አድርጋ ባሮችን ነፃ ታወጣለች። በአምስተኛው ቅጽ ሚሪን በተባለች ከተማ ነግሣ ለአቤቱታ አቅራቢዎች ትቀመጣለች። እረኞች የተቃጠለ የበግ አጥንት እያመጡ «ዘንዶዎችሽ በጎቻችንን በሉብን» ብለው ካሳ ይጠይቃሉ። አማካሪዎቿ አንዳንዱ ሰው ሐሰተኛ ይሆናል ብለው ቢያስጠነቅቋትም ትከፍላለች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንድ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ይዞት የመጣውን ከረጢት ሲፈታው ከውስጡ የሚወጣው አጥንት የበግ አይደለም። የአራት ዓመት ሴት ልጁ አጥንት ነው። ስሟ ሃዜያ ይባላል። ንግሥቲቱ የደም ካሳ ትከፍላለች፤ ሁለቱን ዘንዶዎችም በጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት ታስራለች፤ ሦስተኛው ጥቁሩ ድሮጎን ግን በርሮ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ ያ የልጅ ስም ከንግሥቲቱ ሐሳብ አይወጣም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ስትተርክ የበረካው ቡና ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ሦስት ማታ ፈጀ።

የእንስሳት ሐኪሙ «እንስሳው ጥፋት የለበትም» አለ። ሥጋ በል እንስሳ ሥጋ ይበላል፤ ጥፋቱ በረት ሳይሠራ፣ መኖውን ሳያዘጋጅ አውሬውን ወደ ሰው መንደር ያመጣው ሰው ነው፤ ሰንሰለቱም አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ እንጂ ከአጥንቱ በኋላ የሚመጣ አይደለም ሲል ተከራከረ። ቀያሹ ደግሞ ዘንዶው ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሁሉ ባሮች ከነሰንሰለታቸው ይቀሩ ነበር፤ በአንዲት ሕፃን ሞት ምክንያት የብዙ ሺሕ ሰዎችን ነፃነት እንደ ስሕተት መቁጠር አይገባም አለ። ይህን ያለው በጭካኔ አልነበረም። በወሊድ ምጥ ተይዛ በቃሬዛ ስትጓዝ መንገድ ላይ የሞተች ሴት ያየ፣ መንገድ ማለት ሕይወት ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የመለሰችለትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። «እኔ አይሠራ አላልሁም። እኔ የምለው በመዝገቡ ላይ ለበጉ ዓምድ ነበረው፤ ለልጅቱ ግን አልነበረውም ነው» አለች።

ጋሼ በዚህ ጊዜ ስለ ጉማ ተናገሩ። እንደምታውቁት ጉማ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የደም ዕርቅ ሥርዓት ነው። እሳቸው እንዳስረዱን ካሳው የጉማ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በመጀመሪያ ያጠፋው ወገን ጥፋቱን በሽማግሎች ፊት ማመን አለበት፤ የተጎዳው ወገን ተቀምጦ መሰማት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ካሳ የሚነገረው። «ገንዘቡን ብቻ ሰጥተህ ብትሄድ ከፈልህ እንጂ አልታረቅህም» አሉ። ቀጥለውም የቡሬን የራሷን ዘንዶ አነሡልን።

እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከብሪታንያ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ጋምቤላ የአገራችን የምዕራብ በር ሆነች፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ከካርቱም አቅጣጫ በእሳትና በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ወደ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ቡናውም በጊዜው ደርሶ መጠበቅ ነበረበት። የጋሼ አባት ከጎሬ በቡሬ በኩል ያን ቁልቁለት ቡና ጭነው ከወረዱት የበቅሎ ነጂዎች አንዱ ነበሩ። ጭነት በበቅሎና በሰው ጀርባ ይወርዳል፤ ደገኛው ሰው ከቆላው ወባ ጋር ይገናኛል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። «መርከቡ አገራችንን አበለጸገ ይባላል፤ እውነት ነው። አባቴም ይህን ቤት የሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ያ መርከብ የሚቀለበው በጀርባ ነበር። የቡናው ሚዛን ተጽፏል፤ የጀርባው ሚዛን ግን የት ተጽፏል?» አሉን። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ኖሮ እዚህ አላቀርበውም ነበር። ከጨዋታነት ያለፈው በሚከተለው ምክንያት ነው።

የምንሠራው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ለካሳ የምንጠቀምበት ፎርም ከቀደሙ ሥራዎች የተወረሰ ነበር። በፎርሙ ላይ ለመሬቱ ስፋት፣ ፍሬ ለሚሰጥና ገና ላልደረሰ የቡና ተክል፣ ለቤትና ለአጥር ዓምድ አለው። በኢሉባቦር ግን የብዙ ገበሬ ሀብት ከመሬት ላይ ብቻ ሳይሆን ከዛፍ ላይም ነው፤ ረጃጅሙን የዱር ዛፍ በገመድ እየወጡ ቀፎ ይሰቅሉበታል። ዛፉ በጋራ ጫካ ውስጥ ያለ ነው፤ ቀፎው የግል ነው። ለቀፎ ዓምድ አልነበረም።

ከዘንዶው ክርክር በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ ወደ ሥራው ቢሮ መጡ። በመንገዱ መስመር ላይ ከተቆረጡት ዛፎች በሦስቱ ላይ አሥራ አራት ቀፎ ነበራቸው። ዛፎቹ ወድቀው ግንዳቸው ተወስዷል፤ ንቡም ሄዷል። በእጃቸው ያለው የተሰባበረ የአንድ ቀፎ ቁራጭ ብቻ ነበር። ተረኛው ጸሐፊ ፎርሙን ተመልክቶ «አባባ፣ ይህ አይመዘገብም» አላቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቁራጩን ተቀበለቻቸውና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም። ሁለታችንም ስለ ከረጢቱ ሰው እያሰብን እንደ ነበር ግን ዐወቅሁ።

የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። ጉዳዩ ለካሳ ኮሚቴው ቀረበ። የጎረቤት ምስክር እንዲሰማ ተስማማን፤ ሽማግሌውም በሽማግሎች ፊት ተቀምጠው ተሰሙ። ኮሚቴው የአሥራ አራቱን ቀፎ ዋጋ ፈቀደ። ዋጋው ግን የባዶ ቀፎ ዋጋ ነው። የንቡ፣ በየዓመቱ ሊቆረጥ የነበረው ማርና ዛፉን ለመምረጥ የፈጀው ዕድሜ አልተከፈለም፤ የሚተመንበት መንገድ አልተገኘምና። ሽማግሌው ገንዘቡን ፈርመው ሲቀበሉ «ቀፎውንስ እሰቅለዋለሁ፤ ዛፉን ከየት ላምጣው?» አሉ። በቀረው የመንገዱ ክፍል ላይ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ቀያሹ ከአካባቢው ሰዎች ጋር መስመሩን በእግሩ እየሄደ ቀፎ ያለበትን ዛፍ በቀለም ምልክት ያደርግ ጀመር። በሁለት ቦታ ላይ የመንገዱ መካከለኛ መስመር ጥቂት ሜትር ዘወር አለ፤ የአፈሩ ሥራ በመጠኑ ጨመረ እንጂ መንገዱ አልተጓደለም። ምልክት በተደረገባቸው በሌሎቹ ዛፎች ላይ የነበሩት ቀፎዎች ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ባለቤቶቹ በሌሊት አውርደው ወደ ሌላ ዛፍ አዛወሯቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ይሰማኛል። «ለዚህ ሁሉ ዘንዶ ምን ያስፈልጋል? ሕግ አለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሕግ አለን። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የካሳው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከንብረት ካሳ አልፎ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ጭምር እንደ ጉዳት ቆጥሯል። ይህም ቀድሞ ካልነበረ ዓምድ የተጨመረ ዓምድ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ሕግ ዓምዱን ይሰጣል እንጂ ከዓምዱ ውጭ የቆመውን ሰው የሚያይ ዐይን አይሰጥም። ያን ዐይን የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ ለአንዱ ሃይማኖቱ፣ ለሌላው አስተዳደጉ ይሆናል። ለእኛ በቡሬ በዚያ ወቅት የሰጠን ልብ ወለድ ነበር። ምክንያቱም ልብ ወለድ ከሪፖርት በተለየ መንገድ አንድን ቁጥር ስም ያወጣለታል። በሪፖርት ላይ «አንድ ሕፃን» የሚለውን እናነብና ገጹን እንገለብጣለን፤ ሃዜያን ግን ልንገለብጣት አልቻልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቀያሹ ነው፤ እሱም የዋዛ አይደለም። ግብር የማይጠይቅ ኃይል ከሌለ፣ የሚቀልበውን እየቈጠርን ሥራውን ልናቆም ነውን? አይደለም። የራሳችን ትውፊት የሚያስገብረውን ዘንዶ ብቻ ሳይሆን የሚያገለግለውንም ያውቃል። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ተስበው እንደ ሆነ ይተረካል። ዛሬ ወደዚያ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። ገመዱን ከላይ የሚይዝ ሰው አለ፤ የሚወጣውም ሰው ማን እንደሚይዝለት ያያል። ጥሩ የምህንድስና ሥራ እንዲህ ያለ ይመስለኛል። ኃይሉ አለ፤ ጭነቱም አለ፤ ነገር ግን ጭነቱ በማን እጅ ላይ እንዳረፈ ሁሉም ያያል። በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ እንደ ተሠራው 5 ሜጋዋት ጣቢያ ያለ ትንሽ ሥራም ሆነ ከሺሕ ሜጋዋት በላይ የሚያመነጭ ታላቅ ግድብ፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚለየው የቀለቡ መጠን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች ለማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፤ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች የሚሠሩ አባሎቻችን ከሌላ ሙያ ሰዎች ጋር የንባብ ክበብ እንዲያቋቁሙ ማኅበሩ ያበረታታ። መጽሐፉ ረጅም ቢሆን አይፍሩት፤ ገጸ ባሕርያቱን እየተከፋፈሉ ማንበብ ረጅሙን ያሳጥራል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው የራሱን ምዕራፍ ብቻ መሆኑን በተግባር ያስተምራል። ቀያሽ፣ የሒሳብ ሠራተኛና ገበሬ በአንድ ኮሚቴ ሲቀመጡ የሚያስፈልጋቸው ይኸው ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፤ የማንኛውም ሥራ ንድፍ በሚገመገምበት ጊዜ ከመጨረሻው ፊርማ በፊት አንድ ጥያቄ በቃል ይቅረብ፤ «በፎርሙ ላይ ዓምድ የሌለው ነገር ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ከቢሮ አይገኝም። መስመሩን ከአካባቢው ሰው ጋር በእግር መሄድን ይጠይቃል። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ያነሰ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ምክር ሳይሆን ምኞት ነው። አርዌንና አንጋቦን፣ እትዬ አዜብን፣ የባሮን መርከብና የቡሬን ቁልቁለት የያዘች አገር፣ በራሷ ቋንቋዎች የተጻፈ ረጅም የዘንዶ ልብ ወለድ ይገባታል። ጋሼ የማርቲንን አምስት ቅጽ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው የፍየሏን ነገር አላወቀም» ብለው ነበር። ከመካከላችን ብዕር የያዘ ካለ ከፍየሏ ይጀምር።